32 ጊጋ ራም ያለው ሰርቨር ጠዋት ጠዋት ለምን ይቆማል? ፔጅ ፋይሉን ላጥፋው?

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ዝርዝሩን ካላስቀመጥኩ ግን መልስ መስጠትም ያስቸግራችኋል።

የምሠራበት ቢሮ ውስጥ 28 ሰው በአንድ ሰርቨር ላይ ነው የሚሠራው። ጠረጴዛ ላይ ያለው ቲን ክላየንት ብቻ ነው፤ ስክሪን፣ ኪቦርድና ማውስ። ፕሮግራሙ ሁሉ የሚከፈተው ሰርቨሩ ላይ ነው። ዊንዶውስ ሰርቨር 2016 ነው፣ 32 ጊጋ ራም አለው። ሁለት ሃርድ ዲስክ አለው፣ አንዱ የሌላው ግልባጭ፤ ሁለቱም በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞሩ ዓይነት ናቸው። ፔጅ ፋይሉ (ራም ሲጠብ ዊንዶውስ ሜሞሪ የሚያወጣበት የዲስክ ቦታ) 16 ጊጋ ነው። ሰዉ የሚከፍተው ብራውዘር፣ ኤክሴልና የአማርኛ መጻፊያ ነው። ሒሳብ ክፍሎች ደግሞ ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም አላቸው።

ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 4 ሰዓት ድረስ ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። ፊደል ትጫናላችሁ፣ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ከአምስት ሰከንድ በኋላ ነው። ከ4 ሰዓት በኋላ ቀስ እያለ ይለቃል። እኔን ያስጨነቀኝ የገንዘብ ተቀባይዋ ነገር ነው። ፊቷ ወረፋ አለ። ወረፋ የያዘው ሰው ሰርቨሩን አያየውም፣ የሚቆጣው እሷን ነው። ባለፈው ሰኞ እንባዋ እየመጣ ስትታገል አይቻታለሁ። እኔ ደግሞ ምን እንደሆነ እንኳ ልነግራት አልቻልኩም።

ያልገባኝ ነገር አለ። ሰርቨሩ ቀጥ ባለበት ሰዓት ፕሮሰሰሩ 15 በመቶ ብቻ ነው የሚሠራው። ዲስኩ ግን 100 በመቶ ተይዟል። አለቃዬ ፈጣን ፕሮሰሰር ያለው አዲስ ሰርቨር ለመግዛት እያሰበ ነው። እኔ የጠረጠርኩት ፔጅ ፋይሉን ነው። 32 ጊጋ ራም እያለ ወደ ዲስክ የሚመላለሰው ለምንድን ነው? ባጠፋው ምን ይመጣል?

ጥያቄው ይኼ ነበር። ከዚያ ክሩ (የመልሶቹ ሰንሰለት) እስከ 31 መልስ ደረሰ። አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉንም ማንበብ ስለሚከብደው፣ የተባለውን በየቁጥሩ እዚህ ከሥር ጠቅለል አድርጌ አስቀምጬዋለሁ። ያልተስማማሁበት ቦታም እናገራለሁ።

1. የመጀመሪያው መልስ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ መጣ። በአጭሩ አጥፋው የሚል ነው። ልጁ ቤቱ ያለው ኮምፒውተር 16 ጊጋ ራም አለው። ፔጅ ፋይሉን ካጠፋ ዓመት አልፎታል፣ ምንም አልሆነም፣ እንዲያውም ፈጥኖለታል። እውነቱን ለመናገር ልቤ የፈለገው መልስ ይኼው ነበር።

2. ሁለተኛዋ የዩኒቨርሲቲ ላብ የምታስተዳድር እህት ናት። በጨዋ ቋንቋ ነው የጻፈችው፣ ነገሩን ግን አልለቀቀችውም። አንድ ሰው የሚጠቀምበት ኮምፒውተርና 28 ሰው የሚጋራው ማሽን አንድ አይደሉም አለች። ከዚያ ኮሚት የሚባለውን ነገር፣ ዊንዶውስ ለፕሮግራሞች እሰጣለሁ ብሎ ቃል የገባውን ሜሞሪ፣ በሠርግ አስረዳች። ፕሮግራም ሜሞሪ ሲጠይቅ ዊንዶውስ መጀመሪያ የሚሰጠው ወንበር ሳይሆን የጥሪ ካርድ ነው። ካርድ የያዘ ሁሉ መጥቶ ላይቀመጥ ይችላል። ዊንዶውስ ግን ለእያንዳንዱ ካርድ የሚሆን ወንበር መኖሩን ሳያረጋግጥ ካርድ አያድልም። ራሙ ሳሎኑ ነው፣ ፔጅ ፋይሉ ግቢ ውስጥ የተተከለው ድንኳን። ድንኳኑን ካፈረስከው፣ ሳሎን ውስጥ ገና ባዶ ወንበር እያለ ካርዱ ያልቃል። ያኔ ፕሮግራሞች ሜሞሪ የለም እያሉ መዘጋት ይጀምራሉ። ሰርቨሩ በሰማያዊ ስክሪን ቢወድቅ ደግሞ የአወዳደቁን ምክንያት የሚያሳየው የሜሞሪ ግልባጭ የሚጻፈው መጀመሪያ ፔጅ ፋይሉ ላይ ነው፣ እሱንም ታጣለህ አለችኝ። ክሩ እስኪያልቅ ሁሉም ሰው በዚሁ ሠርግ ነው የተነጋገረው።

3. አንዱ ፔጅ ፋይሉን የራሙን አንድ ተኩል እጥፍ አድርገው፣ 48 ጊጋ ስጠው አለኝ። ኮርስ ላይ የተማረው እንደዚያ መሆኑን ጨመረ።

4. ቁጥር 3ን የሚያርም ነው። የአንድ ተኩል እጥፍ ሕግ ራም በሜጋባይት ይቆጠር ከነበረበት ዘመን የመጣ ነው፣ ዛሬ ራም በጨመርክ ቁጥር ድንኳኑን ማስፋት ነገሩን መገልበጥ ነው አለ። የማይክሮሶፍቱ ማርክ ሩሲኖቪች እ.ኤ.አ. በ2008 የሰጠውን ምክር አነሳ። በጣም ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ኮሚቱ የደረሰበትን ከፍተኛ ቁጥር ያዝ፣ ከዚያ ላይ ራሙን ቀንስ፣ የሚቀረው የፔጅ ፋይሉ ትንሹ መጠን ነው፣ ትልቁን መጠን የዚያን እጥፍ አድርግ። ሒሳቡ ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች ከመጣ ለሜሞሪው ግልባጭ የሚበቃ ያህል ትተዋለህ። ዋናው ቁም ነገር ሳትለካ አትወስን የሚለው ነው።

5. ይኼኛው ምን መለካት እንዳለብኝ ነገረኝ። ፐርፎርማንስ ሞኒተር የሚባለውን የዊንዶውስ መለኪያ በየ15 ሰከንዱ እንዲመዘግብ አድርገህ ሦስት ጠዋት ተወው አለ። ኮሚት የተደረገው ስንት ነው? ጣሪያውስ? ነፃ ሜሞሪ ስንት ቀርቷል? በሰከንድ ስንት ጊዜ ከዲስክ ፔጅ (ትንሽ የሜሞሪ ቁራጭ) ይነበባል? እያንዳንዱ የዲስክ ንባብስ ስንት ሚሊሰከንድ ይፈጃል? አንድ ማስጠንቀቂያም ጨመረ፣ እኔ ጨርሶ የማላውቀውን። በሰከንድ የሚባለው የፔጅ ቁጥር ብቻውን ያሳስታል። ፕሮግራም ሲከፈት ከራሱ ፋይል የሚነበበውም እዚያው ውስጥ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ብቻ ፔጅ ፋይሉ ተጨናነቀ ማለት አይደለም። ኢቨንት ሎግ (የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ) ውስጥ 2004 የሚል ቁጥር ካለ ደግሞ ፈልግ፣ ሜሞሪ ሲያጥር ዊንዶውስ ራሱ ብዙ የያዙትን ፕሮግራሞች ስም እዚያ ይጽፋል አለኝ።

6. ሎጉን ለጠፍኩ። ቨርጂኒያ የሚኖር ወንድማችን ጊዜውን ሰጥቶ አገላብጦ አየልኝና 3 ሰዓት ላይ ምንም የለም፣ ሰርቨሩ ተኝቷል አለ። ምናልባት ችግሩ ኔትወርክ ይሆናል ብሎ ስለ ስዊች ረዥም ነገር ጻፈ።

7. ሌላ ሰው የኛ 3 ሰዓት ሎጉ ላይ 9፡00 መሆኑን አስታወሰው። ወንድማችን ይቅርታ ጠየቀ፣ ከአገር ከወጣ ቆይቷልና አልፈርድበትም። ግን ነገሩ ቀላል አይደለም። ተጠቃሚ 3 ሰዓት ላይ ቆመብኝ ሲል መዝገብ ላይ የትኛውን ሰዓት እንደምንጽፍ በየቢሮው መስማማት አለብን። እኔ ከዚያ ወዲህ ሁለቱንም ጎን ለጎን ነው የምጽፈው።

8. ይኼ የኔ ነው። የሦስቱ ጠዋት ቁጥሮች፦ የኮሚቱ ጣሪያ (ራሙና ፔጅ ፋይሉ ተደምረው) 48 ጊጋ፣ ከጠዋቱ 3፡10 ላይ የተያዘው 45 ጊጋ። ነፃ ሜሞሪ 300 ሜጋ። በሰከንድ 140 የፔጅ ንባብ፣ እያንዳንዱ ንባብ 90 ሚሊሰከንድ። ቁጥሩን ስጽፍ ደንግጫለሁ። የቁጥር 1ን ምክር ሰምቼ ቢሆን ጣሪያው 32 ጊጋ ይሆን ነበር። ግማሹ ሰው ሳይገባ ሰርቨሩ በር ይዘጋ ነበር ማለት ነው።

9. ቁጥር 5 የጻፈው ሰው ተመልሶ መጥቶ ቁጥሩን አነበበልኝ። በደቂቃ 7200 የሚዞር ዲስክ ግማሽ ዙር ለመዞር ብቻ 4 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። የማንበቢያው ክንድ ከቦታ ቦታ ሲሄድ ደግሞ ሌላ 8 ወይም 9 ይጨመራል። በዚህ ሒሳብ አንድ ዲስክ በሰከንድ 80 ገደማ የተበታተነ ንባብ ቢችል ነው። ሁለት ዲስክ 160። አንተ 140 ላይ ነህ፤ ዲስኮችህ ጣሪያቸውን ነክተዋል፣ ወረፋው የተፈጠረው እዚያ ነው አለኝ። ገንዘብ ተቀባይዋ አንድ ፊደል ስትጫን ያ ፊደል የሚያስፈልገው ሜሞሪ ዲስክ ላይ ወጥቶ ከሆነ፣ እሷም የዲስኩን ወረፋ ትይዛለች።

10. በዕድሜ ጠና ያሉ፣ ሙያውን ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁ ሰው ገቡ። ታሪኩን ከሥሩ ነው የጀመሩት። እ.ኤ.አ. በ1995 ሲትሪክስ የሚባለው ኩባንያ በዊንዶውስ ኤንቲ 3.51 ላይ ያወጣውን ዊንፍሬም፣ ከዚያ በ1998 የወጣውን የኤንቲ 4 ተርሚናል ሰርቨር (እንደኛው ብዙ ሰው የሚጋራውን ሰርቨር) አነሱ። በ32 ቢት ዘመን ራም መግዛት ብቻውን አይጠቅምም ነበር አሉ። ዊንዶውስ 4 ጊጋ አድራሻ ነበረው፤ ሁለቱ ለፕሮግራሙ፣ ሁለቱ ለሲስተሙ። የፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ለየብቻው ነው፤ የሲስተሙን 2 ጊጋ ግን ተጠቃሚው ሁሉ ይጋራዋል። ሰርቨሩ ውስጥ ብዙ ጊጋ ነፃ ራም እያለ የሲስተሙ ክፍል ሞልቶ አዲስ ሰው መግባት ያቅተው ነበር። ኢቨንት ሎግ ውስጥ 2019 ወይም 2020 የሚል ቁጥር ካያችሁ ነገሩ እሱ ነው አሉ። አንዳንዱ ሰው ለፕሮግራም 3 ጊጋ የሚሰጠውን ማብሪያ ሲነካ ደግሞ የሲስተሙ ድርሻ ወደ 1 ጊጋ ይወርድና ተርሚናል ሰርቨሩ ይብስበታል። ለዳታቤዝ መድኃኒት የሆነው ለተርሚናል ሰርቨር መርዝ ነበር።

11. አንዱ በቁጣ መጣ። የተጠየቀው 2016 ነው፣ እርስዎ 1995 ላይ ነዎት፣ ክሩን አያስረዝሙ አለ። ከ2008 አር 2 ወዲህ ዊንዶውስ ሰርቨር በ64 ቢት ብቻ እንደሚወጣም አከለ።

12. አንድ ሌላ ሰው ለጠናው ሰው ቆመላቸው። እሱ ያለበት ቢሮ ውስጥ ሰርቨር 2003 ዛሬም ይሠራል፣ በ32 ቢት። የ3 ጊጋውን ማብሪያ እሱ ራሱ ነበር የነካው፣ ሳምንት ሙሉ ምክንያቱን ሲፈልግ ከርሞ መልሱን አሁን አገኘ። አንድ ነገርም አስታወሰ፦ የ2003 ታስክ ማናጀር (የተከፈቱትን ፕሮግራሞች የሚያሳየው መስኮት) የፔጅ ፋይል አጠቃቀም ብሎ የሚያሳየው ግራፍ በእውነት የሚያሳየው ኮሚቱን ነው። በዚያ ግራፍ የተነሳ ብዙ ሰው ያለጥፋቱ ፔጅ ፋይሉን ወቅሷል። እኔም ከነሱ አንዱ ነበርኩ፤ የጥርጣሬዬ መነሻ ለካ ያ ግራፍ ነው።

13. አንድ ሰው ሜሞሪ የሚያጸዳ ፕሮግራም እንድጭን መከረኝ። በየአምስት ደቂቃው ራሙን ያራግፋል፣ ነፃ ሜሞሪው ወዲያው ከፍ ይላል፣ እሱ ጋ በጣም ሠርቷል።

14. ለዚህ የመጣው መልስ የክሩ ሁሉ ኃይለኛው ነበር። እንዲህ ያለ ፕሮግራም የሚያደርገው እያንዳንዱን ፕሮግራም በእጁ ያለውን ፔጅ እንዲለቅ ማስገደድ ነው። የተለቀቀው ወደ ተጠባባቂ ዝርዝር ይሄዳል፤ የተለወጠው ደግሞ ዲስክ ላይ ይጻፋል። ቁጥሩ ነፃ ሜሞሪ በዛ ይላል። ከሁለት ሰከንድ በኋላ ሰዉ ሥራውን ሲቀጥል ያንኑ ሜሞሪ መልሶ ይጠራዋል። ዲስኩ በተጨናነቀ ሰርቨር ላይ ይኼን ማድረግ በእሳት ላይ ጋዝ መጨመር ነው አለ። እስከዚህ ድረስ ሙሉ በሙሉ ልክ ነው። ከዚያ በኋላ ግን መካሪውን በግል ዘለፈው፣ ያ አላስፈለገም። ሰውየው አስቦልኝ ነው የጻፈው።

15. የመድረኩ አስተባባሪ ሁለቱንም አረጋጋ፣ አንድ ዓረፍተ ነገርም አነሳ።

16. ወደ ጉዳዩ የመለሰን የባንክ ሲስተም የሚያስተዳድር ልጅ ነው። 28 ሰው አንድ ብራውዘር ቢከፍት የብራውዘሩ ኮድ ራም ውስጥ 28 ጊዜ አይቀመጥም፤ ኮዱን ሁሉም ይጋራዋል። የማይጋራው የየሰው የግል ክፍል ነው፣ የተከፈቱት ታቦች፣ ገጾች፣ ምስሎች። ስለዚህ በታስክ ማናጀር የሚታየውን ደምሮ ይኼን ያህል ተበላ ማለት ስህተት ነው፣ የግሉን ብቻ ለይተህ በሰው በሰው ቁጠር አለኝ። ጠዋት ላይ የጸረ ቫይረሱ ፍተሻ ከሰዉ መግቢያ ሰዓት ጋር እንዳይገጥምም ጠየቀ። አይቼዋለሁ፣ ይገጥም ነበር። ወደ ሌሊት አዛወርኩት፣ ትንሽ ቀለል አለ።

17. ለኔ ክሩን የቀየረችው ዱባይ የምትሠራ እህታችን ናት። ስለ ፔጅ ፋይል አንድም ቃል አልተናገረችም። ያለችው ቢሮህ ስንት ሰው አለ፣ ሰርቨሩ ላይ ስንት ሴሽን (ሰው ሲገባ ሰርቨሩ ውስጥ የሚከፈትለት የሥራ ቦታ) አለ፣ ሁለቱን ቁጥሮች አምጣልኝ ነው።

18. ቆጠርኩ። ሰዉ 28 ነው። በዚያ ጠዋት የገባው 24። ሴሽኑ 43! አሥራ ዘጠኙ ሰው የሌለባቸው፣ ግንኙነታቸው የተቋረጠ ሴሽኖች ናቸው። ምክንያቱ ሲገባኝ ወንበሬ ላይ ደርቄ ቀረሁ። መብራት ሲጠፋ ቲን ክላየንቶቹ ወዲያው ይሞታሉ። ሰርቨሩ ግን ዩፒኤስና ጀነሬተር አለው፣ አይጠፋም። የሰዉ ሴሽን ከነተከፈተው ኤክሴል፣ ከነብራውዘሩ እዚያው ይቀራል። መብራት ሲመጣ ሰዉ ወደ ድሮው ሴሽን መመለስ ሲገባው አዲስ ይከፈትለታል። ከኔ በፊት የነበረው ሰው ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ አንድ ሴሽን ብቻ የሚለውን ገደብ አጥፍቶታል። ያጠፋበት ምክንያት ነበረው፤ መስኮት ላይ ያሉ ሦስት ሠራተኞች አንድ ዩዘርኔም ይጋራሉ፣ ገደቡ ካለ አንዱ ሌላውን ያስወጣል። የተቋረጠ ሴሽን ከስንት ሰዓት በኋላ ይዘጋ የሚለውም አልተሞላም፣ ካልሞሉት ደግሞ ለዘላለም ይቀመጣል። በሠርጉ ቋንቋ፣ ወደ ቤታቸው የሄዱ ሰዎች ካርዳቸውን ይዘውት ሄደዋል።

19. ሁሉም ደስ አላለውም። አንድ የሒሳብ ሠራተኛ፣ አይቲ ያልሆነ ሰው፣ ገብቶ ተቃወመ። ሴሽን በራሱ ይዘጋ ስትሉ የኛን ያልተቀመጠ ሥራ ትገድላላችሁ አለ። መብራት ግማሽ ቀን ሊጠፋ ይችላል።

20. የሱን ሐሳብ የሚደግፍ ሌላ ታሪክ መጣ። የወር ደመወዝ እየተሠራ መብራት ጠፋ፣ ሴሽኑ በ30 ደቂቃ እንዲዘጋ ተደርጎ ነበር፣ የሦስት ሰዓት ሥራ ከሰመ። ደመወዙ አንድ ቀን ዘገየ። ይኼን ሳነብ ለሜሞሪ ብቻ ማሰብ እንደማይበቃ ገባኝ። ሴሽኑ ውስጥ ያለው ባይት ብቻ አይደለም፣ የሰው ድካም ነው።

21. የዱባይዋ እህት በትዕግሥት መለሰች። የተቋረጠና ሥራ የፈታ ሴሽን ይለያያሉ። ሥራ የፈታውን፣ ሰው ስክሪኑ ፊት እያለ ሻይ ሊጠጣ የወጣበትን፣ አትንካው። የተቋረጠውን ብቻ፣ ከተቋረጠ 4 ሰዓት ሲሞላው ዝጋ። ሌሊት ላይ ደግሞ ሁሉንም አጽዳ፣ ሰዉም ከመውጣቱ በፊት ሎግ ኦፍ ማድረግን ይልመድ። ለየሰው የየራሱ ዩዘርኔም ስጥና የአንድ ሴሽን ገደቡን መልስ። ያኔ መብራት ሲመጣ ሰው የተወውን ኤክሴል እዚያው ያገኘዋል፤ የሒሳብ ሠራተኛውም ጥያቄ በዚሁ ይመለሳል።

22. የሊኑክስ ሰው መጣ፣ ሳይመጣም አይቀርም ነበር፣ ግን ጠቃሚ ነገር ነው ያመጣው። ከ1999 ጀምሮ ባለው የሊኑክስ ተርሚናል ሰርቨር ፕሮጀክት አንድ የተማሪዎች ላብ ያስተዳድራል። ሊኑክስ ካርድ ሲያድል ከወንበሩ በላይ ማደሉን አይፈራም አለ፤ ሁሉም አይመጣም ብሎ ይገምታል። ሁሉም ከመጣ ግን አንድ ፕሮግራም መርጦ ይገድላል። የአንድ ተማሪ 60 ታብ የሌላውን ያልጨረሰ ሥራ አስገድሏል። እሱ ያገኘው መፍትሔ ሲስተምዲ በሚባለው የሊኑክስ አስተዳዳሪ ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የሜሞሪ ገደብ ማድረግ ነው። ሁለት ወሰን አለው። የመጀመሪያውን ሲያልፍ ያ ተጠቃሚ ብቻ ይዘገያል፣ ሁለተኛውን ሲያልፍ ከራሱ ፕሮግራሞች አንዱ ይሞታል፣ ጎረቤቱ አይነካም። ስዋፒነስ የሚባለውን ቁጥር ከ60 ወደ ዜሮ አውርዶ ተፈወስኩ ማለትንም አልወደደውም። እሱ ራም ሲጠብ የፕሮግራሞች ሜሞሪ ወይስ ከፋይል የተነበበው ቀድሞ ይውጣ የሚለውን ያዘነብላል እንጂ ራም አይጨምርም።

23. አንዱ ይኼ ነገር ለምን ዊንዶውስ ላይ የለም ብሎ ጠየቀ።

24. አጭር መልስ ተሰጠው። ዊንዶውስ ተርሚናል ሰርቨር ላይ ፕሮሰሰሩን፣ ዲስኩንና ኔትወርኩን በተጠቃሚዎች መካከል በእኩል የማካፈል ዘዴ አለው። ሜሞሪን ግን በዚያ መንገድ አያካፍልም። እዚህ ላይ ሊኑክስ ይበልጣል፣ እኔም እስማማለሁ።

25. ኮምፒውተር ሳይንስ የሚያስተምሩ መምህር የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እንግሊዝ ማንቸስተር ውስጥ አትላስ የሚባለው ኮምፒውተር እ.ኤ.አ. በ1962 ፔጂንግን (ሜሞሪን በፔጅ ከፋፍሎ ማመላለስን) ይዞ ሥራ ጀመረ። ከዚያ አንድን ማሽን ብዙ ሰው መጋራት ሲጀምር አንድ እንግዳ ነገር ታየ። ተጠቃሚ ሲጨመር ማሽኑ ቀስ በቀስ አይዘገይም፤ እስከ አንድ ቦታ ደህና ይሄድና በድንገት ይወድቃል። ፒተር ዴኒንግ በ1968 ምክንያቱን አስረዳ። እያንዳንዱ ፕሮግራም በዚያች ሰዓት በእጁ መያዝ ያለበት የፔጅ ስብስብ አለ። የሁሉም ስብስብ ተደምሮ ራሙን ሲበልጥ አንዱ ሲገባ የሌላውን ያስወጣል፣ የወጣው ወዲያው ተመልሶ ይፈለጋል። ማሽኑ ሥራ ትቶ ማመላለስ ብቻ ይሆናል። ፕሮሰሰሩ የሚመጣለትን ሲጠብቅ ስለሚውል ሥራ ፈት ይመስላል። የኔ 15 በመቶ ይኼው ነበር። መልሳቸውን አትሜ ለአለቃዬ ወሰድኩለት፤ የፕሮሰሰሩ ግዢ ቆመ።

26. መምህሩ ይኼን ሁኔታ መንደፋደፍ ብለውት ነበር፤ ሌላው የለም፣ መንደፋደፍ ሊሞት ያለ በግ ነው፣ መባከን ይባል አለ። ስለ ቃሉ ብዙ ተባለ። እኔ መንደፋደፍን ወድጄዋለሁ፣ ሰርቨሩ ያን ጠዋት የሚያደርገውን ነው የሚነግረኝ።

27. አንዱ ትዕግሥቱ አልቆ ይኼ ሁሉ ወሬ ምንድን ነው፣ 32 ጊጋ ጨምርበት፣ ጨርስ አለ። ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ግን 19 ባዶ ሴሽን ዛሬ ካለ፣ ራም ሲጨመር ነገ 40 ይሆናል።

28. የሰርቨር ራም እዚህ እንደ ልብ እንደማይገኝ የሚያውቅ ሰው መለሰለት። እሱ ከአንድ ሱቅ ገዝቶ አምጥቶ ሰርቨሩ አልነሳም ብሎታል። የገዛው የተራ ኮምፒውተር ዓይነት ነበር፣ ሰርቨሩ የሚፈልገው ሬጅስተርድ የሚባለውን ነው፣ ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ከመግዛታችሁ በፊት የነባሩን ራም ጽሑፍ ፎቶ አንሱ አለ። ይኼ ምክር ለብቻው ክር ይገባዋል።

29. ሌላው ፔጅ ፋይሉን ወደ ኤስኤስዲ (የሚዞር አካል ወደሌለው ፈጣን ዲስክ) አዛውረው አለኝ። ያኔ ሰርቨሩ ቢንደፋደፍ እንኳ ንባቡ ከ90 ሚሊሰከንድ ይልቅ ከአንድ በታች ይሆናል። የሊኑክሱ ሰው ግን አስጠነቀቀ። አንድ ኤስኤስዲ ብቻ ከሆነና እሱ ከሞተ፣ እዚያ የነበረው የሰዎች ሜሞሪ አብሮ ይሞታል፣ ሰርቨሩም ይወድቃል። ስለዚህ ሁለት፣ ግልባጭ ሆነው።

30. ውጤቱን ለጠፍኩ። ለሦስቱ የመስኮት ሠራተኞች የየራሳቸውን ዩዘርኔም ሰጠሁ፣ የአንድ ሴሽን ገደቡን መለስኩ፣ የተቋረጠ ሴሽን 4 ሰዓት ሲሞላው እንዲዘጋ አደረግኩ። ራም አልገዛሁም፣ ፔጅ ፋይሉንም አልነካሁም። ከአንድ ሳምንት በኋላ ከጠዋቱ 3፡10 ላይ፣ በሎጉ 9፡10፣ ሴሽን 27፣ ኮሚት 30 ጊጋ፣ ነፃ ሜሞሪ 7 ጊጋ። የፔጅ ንባብ በሰከንድ ከ20 አይበልጥም፣ እያንዳንዱም 12 ሚሊሰከንድ። ገንዘብ ተቀባይዋ ኮምፒውተር ቀየራችሁልኝ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

31. የመጨረሻው መልስ የቁጥር 1 ልጅ ነው። ቤቱ ያለውን ፔጅ ፋይል መልሷል። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ጥያቄ ጠየቀ፦ የወር መጨረሻውስ?

ትክክል ነው፣ እኔ የለካሁት የወሩን አጋማሽ ነው። በ30ኛው ቀን ሒሳብ ክፍሎች ሁሉንም ሪፖርት አንዴ ሲከፍቱ ለካሁ። ኮሚቱ 36 ጊጋ ደረሰ፣ ነፃ ሜሞሪ 2 ጊጋ ተኩል፣ የፔጅ ንባብ 60፣ 25 ሚሊሰከንድ። ዘግይቷል፣ ግን አልቆመም። በቁጥር 4 ሒሳብ 36 ሲቀነስ 32 አራት ጊጋ ነው፣ እጥፉ ደግሞ 8፤ ስለዚህ ያለው 16 ጊጋ ፔጅ ፋይል ለግልባጩም ጭምር ይበቃል፣ መጠኑን አልነካውም። ቦታውን ግን እቀይራለሁ። ሁለት ኤስኤስዲ ተፈቅዶልኛል፣ እሑድ ቢሮው ባዶ ሲሆን እገጥማቸዋለሁ። ሰኞ የ3 ሰዓቱን፣ ሎጉ ላይ 9፡00 የሚለውን ቁጥር፣ እዚሁ እለጥፋለሁ።